ከዚራ ላይ መኪና ምን ይሠራል?

ስድስት ሆናችሁ ድሬዳዋ ልትወርዱ ነው እንበል። ሆቴሉ በአምስት ደቂቃ ተመረጠ፣ ቀኑ በአንድ ምሽት ተቆረጠ፣ ማን ከማን ጋር ክፍል እንደሚጋራ እንኳ (ይኼኛው ጉዳይ የራሱ ዓምድ ይፈልጋል!) ያለ ብዙ ጣጣ አለቀ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ። ‹‹መኪና እንከራይ ወይስ ይቅርብን?›› በዚህች አንድ ጥያቄ የቴሌግራሙ ግሩፕ ሁለት ሳምንት ሙሉ ይታመሳል። አንዱ ‹‹ያለ መኪና ምኑን ጉዞ ሆነ?›› ይላል። አንደኛዋ ‹‹እኔ በዚያ ሙቀት በእግሬ አልንከራተትም›› ትላለች። ሦስተኛው መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ስድስት ወሩ ስለሆነ መሪ ለመጨበጥ እጁን ይበላዋል። አራተኛዋ ዝም ትላለች።

የዛሬው ጨዋታችን በተለይ ስለዚህች ዝም ስላለችው ልጅ ነው። ግን እሷ ጋ ከመድረሳችን በፊት ስለ ቦታው ትንሽ እናውራ። ቦታውን ያላወቀ ሰው መኪና ያስፈልገው አያስፈልገው በምን ያውቃል?

ድሬዳዋ ከባቡር የተወለደች ከተማ ናት። አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ሰው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ሲሰጡ ሐሳቡ መስመሩ ከጅቡቲ ተነስቶ መጀመሪያ ሐረር እንዲገባ ነበር። ሐረር ግን ተራራ ላይ ናት። ያንን ዳገት ሐዲድ አንጥፎ መውጣት ኪስ የሚያራግፍ ሆነና ሥራውን የያዙት ሰዎች ‹‹ይቅርብን›› ብለው ከተራራው ግርጌ ሜዳው ላይ ቀሩ። ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ድሬዳዋ ደረሰ። ለአዲሲቷ ከተማም ‹‹አዲስ ሐረር›› የሚል ስም ወጥቶላት ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው። ያ መሐንዲሶቹን ያስፈራቸው ዳገት ዛሬም እዚያው አለ፤ ደንገጎ ይባላል። ኋላ እንመለስበታለን፤ የመኪናው ጥያቄ ቁርጡ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነውና።

ታዲያ ይኼ ሁሉ ታሪክ ከመኪና ኪራይ ጋር ምን አገናኘው? ትሉ ይሆናል። አገናኘው እንጂ! ከዚራ ማለት ያኔ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ተነድፎ የተሠራው ሰፈር ነው። ሥራው የተጀመረው መኪና የሚባል ነገር አገራችን ገና ሳይገባ ነው። መንገዶቹ ቀጥ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ግራና ቀኙ ዛፍ ነው፣ ቤቶቹ ዝቅ ያሉና ሰፋፊ በረንዳ ያላቸው ናቸው። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ጣሊያኑ፣ ዐረቡ፣ ህንዱ ሁሉ የኖረበት ሰፈር ስለሆነ አንዱ በረንዳ ከሌላው በረንዳ አይመሳሰልም። ከጣቢያው ተነስታችሁ ከዚራ ውስጥ የትም ብትሄዱ በእግር ሩብ ሰዓት ቢፈጅባችሁ ነው። ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ለመጠበቅ የምትሰለፉትን ጊዜ እንኳ አያክልም!

መኪና ውስጥ ሆናችሁ ከዚራን ‹‹ስትጎበኙ›› የሚሆነውን ልንገራችሁ። ሁለት ጊዜ ማርሽ ሳትቀይሩ ከሰፈሩ ትወጣላችሁ። ተመልሳችሁ ትገባላችሁ። እንደገና ትወጣላችሁ። ከዚያ ‹‹ይኼው ነው እንዴ ከዚራ?›› ትባባላላችሁ። ከዚራ የምትታየው በዛፍ ጥላ ሥር ቀስ እያሉ ሲሄዱ ነው። ሰው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ‹‹አቦ ና ሻይ ጠጣ!›› ሲላችሁ ነው። ድሬ ላይ ‹‹እርስዎ›› ‹‹አንቱ›› ብዙ አይበዛም፤ የሸበቱት ጋሼም የሱቅ ልጁም ‹‹አንተ›› ‹‹አንቺ›› ይሏችኋል። ንቀት መስሏችሁ እንዳትኮሳተሩ! ድሬዎች ሲቀርቧችሁ እንዲህ ናቸው። እና ይኼ ሁሉ ቀረቤታ የመኪና መስተዋት ዘግቶ አይገኝም።

ደግሞ ሰዓቱን እወቁት። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ቆላ ናት። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትቆም ብዙው ሱቅ ይዘጋል፣ ሰውም ወደ ጥላው ይገባል። ከተማዋ እንደገና ነፍስ የምትዘራው ከ10 ሰዓት ወዲያ ነው። ስለዚህ እናንተም እኩለ ቀን ላይ የምትሄዱበት ቦታ የላችሁም፤ መኪናውም የሚሄድበት ቦታ የለውም። እሱ ፀሐይ ላይ ቆሞ ምድጃ ይሆናል፣ እናንተ ደግሞ ለቆመው ቀን ትከፍላላችሁ። አመሻሽ ላይ ሲነፍስ ማን መኪና ውስጥ ይቀመጣል?

ከከዚራ ማዶ መጋላ አለ። መሀላቸው ደቻቱ ነው፤ ወንዝ ነው እንዳትሉት አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ አሸዋ ነው እንዳትሉት ደግሞ ክረምት ላይ ወንዝ ነው። ድልድዩን ተሻግራችሁ ቀፊራ ገበያ ስትገቡ የቅመሙ ሽታ፣ የሽቶው ዓይነት፣ የሱማሊኛው፣ የኦሮምኛው፣ የአማርኛውና የሐረሪው ጩኸት አንድ ላይ ይቀበላችኋል። ባጊያና ሳምቡሳ ከዘይት እየወጣ ይሸጣል። እዚያ ውስጥ መኪና ማስገባት ማለት ሠርግ ቤት ግመል ማስገባት ማለት ነው። ታይዋን የሚባለው የልባሽና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ገበያም ለእግር እንጂ ለጎማ የሚሆን አይደለም።

ስለ ደቻቱ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ባልፍ ደስ አይለኝም። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ከተማው ላይ ዝናብ ሳይኖር ከላይ ከተራራው የዘነበው ይመጣል። በክረምት ‹‹አሸዋው ሰፊ ነው፣ እዚህ እናቁመው›› የሚል ሰው ካለ በሉ አስጥሉት።

መጋላ ለመሄድ የደከመው ሰው ምን ያድርግ? ባጃጅ ይዛ! ድሬ ባጃጅ ሞልቷል። ‹‹አቦ ግቡ!›› ካላችሁ በኋላ ሦስት ሦስት ሆናችሁ ትገባላችሁ፤ ስድስት ሰው ሁለት ባጃጅ ነው። በመስመር ከሌላ ሰው ጋር ተጋርታችሁ ከሄዳችሁ ሳንቲም ነው፤ ለብቻችሁ ኮንትራት ከያዛችሁ ይወደዳል። ዋጋውን ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ሻንጣ ተሸክሞ ካሜራ ያንጠለጠለ እንግዳ ዋጋው ሌላ መሆኑ የድሬ ብቻ ሳይሆን የዓለም ጠባይ ነው።

አሁን ወደዚያች ዝም ወዳለችው ልጅ እንምጣ።

የማውቃቸው ስድስት ጓደኛሞች አሉ። አንድ ሃይስኩል የጨረሱ ናቸው። ሁለቱ ባንክ ይሠራሉ፣ አንዱ ከአባቱ ጋር ይነግዳል፣ ሁለቱ ፍቅረኛሞች ናቸው፣ ስድስተኛዋ ደግሞ የልብስ ሱቅ ውስጥ ተቀጥራ ትሸጣለች። ከአዲስ አበባ አንድ ቤተሰብ የሚይዝ መኪና ያለ ሹፌር ለአምስት ቀን ተከራዩ። ግሩፑ ላይ ‹‹ሁላችሁም ተስማምታችኋል?›› ተባለ። አምስቱ አውራ ጣት ላኩ። እሷም ትንሽ ቆይታ ላከች።

ያንን አውራ ጣት የላከችው ደሞዟን አስልታ ሳይሆን ፊታቸውን አስልታ ነው። ‹‹አልችልም›› ብትል አንዱ ‹‹እኔ እሸፍንልሻለሁ›› እንደሚል ታውቃለች። በዚያ ላይ ባሰባት። የደረሳት እቁብ ነበር፤ ለእናቷ ማቀዝቀዣ ልትገዛበት ያሰበችው። ከእሱ ቆነጠረች።

እንግዲህ ሂሳቡን እዩት። ዋጋው እንደ መኪናውና እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ ለመቁጠር ብቻ እንዲመቸን ኪራዩ በቀን 6 ሺህ ብር ነው እንበል። በአምስት ቀን 30 ሺህ ይሆናል፤ ለስድስት ሲካፈል ለአንድ ሰው 5 ሺህ። በዚህ ላይ ነዳጁ አለ። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ 515 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ ከ1,000 በላይ። በዚህ ላይ አከራዩ የሚይዘው ማስያዣ አለ። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ምሳው፣ እራቱ፣ ሆቴሉ። ለነጋዴው ልጅ ይኼ የአንድ ሳምንት ወጪ ነው። ለእሷ የወር ደሞዝ አለፍ ያለ ነው።

መኪናው ድሬ ደረሰ። የነዳው ልጅ ደክሞት የመጀመሪያውን ምሽት ተኛ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀን መኪናው ከዚራ ሆቴሉ ደጃፍ ዛፍ ሥር ቆሞ የወፍ ኩስ ሲቀበል ዋለ። ብቻ ማታ ማታ ‹‹ከተከራየነው አይቀር›› ተብሎ እራት ቤት ድረስ ይነዱታል፤ በእግር አምስት ደቂቃ የማይሞላ ቦታ! በሦስተኛው ምሽት ሐኒድ ታዘዘ። በትልቅ ትሪ ሩዙና ሥጋው እየጨሰ ሲመጣ ልጅት ‹‹ሆዴን አሞኛል›› አለችና ሻይ ብቻ ጠጣች። በማግስቱም ‹‹አሞኛል›› አለች። ፍቅረኛሞቹ መድኃኒት ገዝተው አመጡላት። ገንዘብ እንደሌላት ማንም አልጠረጠረም፤ እሷም አልተናገረች።

አዲስ አበባ ሲመለሱ አከራዩ መኪናውን ዞር ዞር ብሎ አየና በጎን በኩል ጭረት አገኘ። ከማስያዣው ቆረጠ። ነገሩ የፈነዳው ያኔ ነው። ‹‹የነዳው ይክፈል›› የሚል አለ። ‹‹ለሁላችን ነው የነዳሁት፣ በስድስት ይከፈል›› ይላል የነዳው። እውነቱን ነው ባይ ነኝ። እሷ ግን ያላት አልቋል። ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፍታ ‹‹እኔ መጀመሪያውንም መኪና አልፈልግም ነበር›› አለች። ‹‹ታዲያ ለምን ያኔ አልተናገርሽም?›› አላት አንዱ። ልክ ነው፣ አልተናገረችም። ያ ቃል ግን እንደ ጥፊ ነው የገባት። ከግሩፑ ወጣች። የሃይስኩል ጓደኝነት፣ ስንት ዓመት አብረው ደብተር የተገለባበጡበት፣ በአንድ ጭረት አለቀ። ታሪኩን የነገረችኝ እሷ ናት፤ በኋላ ከነጂውም ሰምቼዋለሁ። ሁለቱም አንዱን ታሪክ ነው የነገሩኝ። ‹‹ብትነግረን ኖሮ›› አለኝ እሱ። ‹‹ቢጠይቁኝ ኖሮ›› አለችኝ እሷ።

እኔ ፍርዴን ልስጥ? በይሉኝታ የተነሳ ዝም ያለ ሰው ጥፋተኛ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም። አምስት ሰው አውራ ጣት ከላከ በኋላ ስድስተኛው ‹‹አይ›› እንዲል መጠበቅ ሰውን አለማወቅ ነው። ‹‹ተስማምታችኋል?›› ብሎ መጠየቅ ደግሞ መጠየቅ አይደለም። በእኛ አገር ለዚህ ጥያቄ ‹‹እሺ›› ካልሆነ መልስ የለውም።

እና ምን ይደረግ? አንድ ጥሩ ዘዴ አውቃለሁ፤ የሚሠራው ግን ስለ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ከሆነ ብቻ ነው። ስድስት ቁራጭ ወረቀት ይቆረጣል። ሁሉም ሰው ለጠቅላላ ጉዞው ከቤት እስከ ቤት ሊያወጣ የሚችለውን የመጨረሻ ገንዘብ ስሙን ሳይጽፍ ቁጥሩን ብቻ ጽፎ አጥፎ ይጥላል። ወረቀቶቹ ይከፈታሉ። ከስድስቱ ትንሹ ቁጥር የጉዞው በጀት ይሆናል። አለቀ! የማን እንደሆነ አይጠየቅም፣ አይገመትም፣ ‹‹ማነው ይህን የጻፈው?›› ብሎ መሳቅ የለም። መኪናው በዚያ በጀት ውስጥ ከገባ ገባ፤ ካልገባ አልገባም። ትልቅ ቁጥር የጻፈው ሰው የተረፈውን ገንዘብ ሐረር ላይ ቡና ይግዛበት።

አሁን ደግሞ መኪና ምንም አይሠራም ብዬ እንዳልዋሻችሁ። ከከዚራ ስትወጡ ነገሩ ይለወጣል።

ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከድሬ ሚኒባሶች እየሞሉ ይነሳሉ፤ ብዙ አትጠብቁም። ብዙዎቻችሁ መኪናውን የምትፈልጉት ለሐረር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አስቡት። ጀጎል ከአንድ ሁለት ዋና መንገድ በስተቀር መኪና የማያስገቡ ጠባብ መተላለፊያዎች ናቸው። ዩኔስኮ በ1998 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህንኑ ግንቡንና ውስጡን ነው። ስለዚህ መኪናችሁ ቀኑን ሙሉ ከግንቡ ውጪ ቆሞ ይጠብቃችኋል፤ እናንተ በእግራችሁ ትዞራላችሁ። ጅብ ሲመገብ ለማየት ደግሞ መምሸት አለበት። ከመሸ በኋላ ወደ ድሬ መመለስ ማለት ደንገጎን በጨለማ መውረድ ማለት ነው።

ደንገጎን ቀን ቀን ያየ ሰው በማታ አይመኘውም። መንገዱ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ ይወርዳል፤ አንዱ ጎኑ ገደል ነው። ከአወዳይ ጫት የጫነው አይሱዙ ደግሞ ጫቱ ሳይጠወልግ ገበያ ለመድረስ ይከንፋል። ሕዝቡ አይሱዙን ‹‹አልቃይዳ›› ብሎ ስም ያወጣለት ያለ ነገር አይደለም። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ስድስት ወሩ የሆነው ጓደኛችሁን በዚያ ሰዓት፣ በዚያ መንገድ፣ አምስት ነፍስ አስይዛችሁ ታስነዱታላችሁ? ወይ ሐረር እደሩ፣ ወይ ጅቡን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ሐረር ማደሩ ይሻላል፤ ሌሊቱ ነፋሻ ነው፣ ጠዋት ደግሞ ጀጎልን ሳይሞቅ ትዞሩበታላችሁ።

መኪና በእርግጥ የሚያስፈልግባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው። አንዱ ለገ ኦዳ ነው። ከድሬ ወደ ደቡብ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በዋሻ ግድግዳ ላይ የተሳሉ በሺህ የሚቆጠር ዓመት ያስቆጠሩ የከብትና የሰው ሥዕሎች አሉ። መንገዱ አስፋልት አይደለም። ትንሿ ቪትዝ እዚያ አትሄድም፤ ከመሬት ከፍ ያለ መኪናና መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ያስፈልጋል። ሌላው ከሐረር አልፎ ባቢሌ መንገድ ላይ ያለው የዳካታ የድንጋይ ሸለቆ ነው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደተደረደረ ሆኖ የቆመበት ቦታ ነው፤ ደስ ባላችሁበት እየቆማችሁ ማየት ስለምትፈልጉ ሚኒባስ አያመቻችሁም። በመንገዱ ላይ አንድ ጊዜ ደርቆ የነበረው፣ በኋላ ውሃው የተመለሰለት የሐረማያ ሐይቅ አለ፤ እዚያም መቆም ያምራችኋል። ቁልቢም አለ። ለታኅሣሥ 19 እና ለሐምሌ 19 ክብረ በዓል ከሄዳችሁ ግን ጭራሽ ሌላ ነው፤ መንገዱ በሕዝብ ይሞላል፣ ከድሬ በእግሩ የሚሄደው ብዙ ነው፣ አልጋውም መኪናውም ቀድሞ ያልቃል።

ከእናንተ መሀል እናት አባት፣ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ልጅ ካለ ደግሞ ያልኩትን ሁሉ እርሱት። ፀሐይዋ ለእነሱ አትራራም። መኪናው ይኑር።

ስለዚህ የእኔ ምክር ምንድን ነው? አዲስ አበባ ላይ ለአምስት ቀን አትከራዩ። በአውሮፕላን፣ በባቡር ወይም በአውቶቡስ ሂዱና ከዚራ ላይ በእግርና በባጃጅ ኑሩ። ከከተማው የምትወጡበትን አንድ ቀን ብቻ ለዩና ለዚያ ቀን እዚያው ድሬ ላይ ከነሹፌሩ ተከራዩ። በቀደመው ሂሳባችን 30 ሺህ የነበረው 6 ሺህ ሆነ፤ ለአንድ ሰው 1 ሺህ። በዚህ ላይ የሹፌሩና የነዳጁ ይጨመራል። ‹‹ከነሹፌሩ ነፃነት የለም›› የምትሉ አላችሁ፤ አውቃለሁ። ግን የድሬ ሹፌር ደንገጎን ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። የትኛው ፈጢራ ቤት እንደሚጣፍጥ፣ የት እንደሚቆም፣ መንገዱ በዚያ ሰሞን ሰላም ይሁን አይሁን እሱ ይነግራችኋል። የኋለኛውን ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት የግድ ጠይቁ። ከዚህም በላይ ጭረት ቢመጣ የእናንተ ጓደኝነት ውስጥ አይገባም!

ከተከራያችሁ ግን እንደ ሰው ተከራዩ። በደላላ ስልክ ብቻ ተስማምታችሁ ብር አትላኩ። ሊብሬውን እዩ፣ ቦሎው ያልተቃጠለ መሆኑን እዩ። ታርጋው ኮድ 3 ካልሆነና የግል መኪና ከሆነ ችግር ሲመጣ ‹‹የአክስቴ ልጅ ነው ያዋሰኝ›› ከሚል ሰው ጋር ነው የምትቀሩት። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በ2000 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ግዴታ ሆኗል፤ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው እንጂ ለተከራያችሁት መኪና ጭረት አይከፍልም። ስለዚህ ‹‹ኢንሹራንስ አለው›› ሲሏችሁ ‹‹የቱ?›› በሉ። ስኮርታ ጎማና ክሪክ ከፍታችሁ እዩ። ነዳጁ ስንት ላይ እንዳለ፣ መኪናው ዙሪያውን ምን እንደሚመስል አከራዩ ባለበት በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ስትመልሱም እንደዚያው። በቀን የኪሎ ሜትር ገደብ አለ ወይ? የሹፌሩ አበልና አዳሩ በማን ነው? ምሳውስ? (ምሳው በእናንተ ነው፤ አብሯችሁ ያልበላ ሹፌር ጥሩ ጨዋታ አይጫወትም።) ስንት ሰዓት ድሬ መመለስ እንዳለባችሁም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ከመሸ ‹‹ተጨማሪ›› የሚል ነገር ይመጣል።

ውሉ ላይ የሚፈርመውስ? ብዙ ጊዜ የሚፈርመው የማያፍረው ጓደኛ ነው፤ ተጠያቂውም እሱ ይሆናል። ማስያዣው ቢቆረጥ እንዴት እንደሚካፈል ከመፈረሙ በፊት ግሩፑ ላይ ተጽፎ ይቀመጥ። ‹‹በመሀላችን ይኼ ምን ያስፈልጋል?›› የሚል ሰው ካለ ያንኑ ሰው አስፈርሙት።

ባቡር ለምትመርጡ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ከዚራ መሀል ያለው አሮጌው ጣቢያ አይገባም። አሮጌው ጣቢያ ፊት ለፊት ፎቶ መነሳት ነው፤ ከአዲስ አበባ በዚያኛው ሐዲድ መምጣት ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ አዲስ አበባም የምትሳፈሩት ለገሃር ሳይሆን ለቡ ነው። የሚነሳበትን ቀን አረጋግጡ፣ ቲኬት ቀድማችሁ ቁረጡ። ድሬ ስትወርዱ ሚኒባስ ወይም ባጃጅ ይዞ ከዚራ መግባት ነው። ስድስት ሰው ከነሻንጣው በሁለት ባጃጅ ይገባል። ለአምስት ቀን ሦስት ሻንጣ የሚያመጣ ካለ ሦስተኛውን ባጃጅ እሱ ይክፈል።